በበሩ ጥግ ያሉት ብሎኖች

ጥር 9

ውሃ ልኬ፣

ሰላምታዬ ከፊት ይቅደም፣ ወቀሳዬ ከኋላ ቀስ ብሎ ይደርሳል። እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ? እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፣ ማለቴ እንደ ሰሞኑ ናት።

ለምን በስልክ አታወሪኝም ብለህ ተቀይመሃል። ምን ላድርግ? ያንተ ጆሮ የአውቶቡስ ቆርቆሮ ስትቀጠቅጥ ኖረህ ግማሹን አይሰማም፣ የእናቴ ጆሮ ደግሞ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይሰማል። የእናቴ ቤት አንድ ክፍል ነው። እኔ ላንተ ስጮህ እሷ ከአልጋዋ ሆና መልስ ትሰጥልኛለች። ባለፈው «ደክሞኛል» ስልህ «ማን አድክሞሽ? እኔ?» ብላ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል። የአውቶቡሱ ሹፌር ጨዋ ሰው ነው፣ ሳይከፍት ያደርሳል።

የት ነው የምትተኚው ላልከው፦ እናቴ እግር ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ። ወድቃ ዳሌዋ ከተጎዳ ወዲህ ለብቻዋ መገላበጥ አቅቷታል። ስትጠራኝ እነሳለሁ፣ ሳትጠራኝም ጠራችኝ ብዬ እነሳለሁ። መተኛት ይሉት ነገር ካየሁ ቆየሁ። ትናንት ግራና ቀኙ የተለያየ ጫማ አድርጌ ገበያ ወጥቼ ሰው ነው የነገረኝ።

የምታድሳት ካራቫን፣ ያቺ ተጎታች ቤት፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ትገባለች። በገመድ ለክቻለሁ፣ ከልብስ ማስጫው አጠገብ ልክክ ትላለች። አንተ ትመጣለህ፣ በየተራ እናስታምማታለን፣ እኔም ተራዬ ሲደርስ ገብቼ እተኛለሁ። ጌጥ አልፈልግም። የምፈልገው በር ነው፣ ገብቼ የምዘጋው በር። ጣሪያዋ ማፍሰሱን ካቆመ በቃ ይዘሃት ና።

እናቴ «ያ ውሃ ልክ ደህና ነው?» ብላሃለች። ሰላምታ ነው ብለህ ተቀበል።

ባለቤትህ


ጥር 21

የቤቴ እመቤት፣

ወቀሳሽ ሰላምታሽን ቀድሞ ነው የደረሰው። ይሁን፣ ይገባኛል። ወገቤ አለ፣ ማለትም እያመመኝ አለ። ቤቱ ግን ካለ አንቺ ባዶ ነው፣ ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምበላው።

ካራቫኗ ምን ላይ ደረሰች ላልሽው፣ ብታያት ያቺ ዶሮ ሲያድርባት የነበረችው ናት ብልሽ አታምኚኝም። የበሰበሰውን ወለል ነቅዬ በአዲስ ጣውላ ቀይሬዋለሁ። ጣሪያው ተደፍኗል፣ በባልዲ ውሃ እየደፋን ሞክረነው ጠብ አላለም። አልጋው ገብቷል። ምድጃውም ይነዳል። ውጪውን አረንጓዴ ቀብቻታለሁ።

የቀረኝ ብሎኑ ነው። መቼም ትስቂብኛለሽ። የድሮ ካራቫን ብሎን እንደ ዛሬው ራሱ ላይ መስቀል የለውም፣ ካቻቢቴው የሚገባበት አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ብቻ ነው ያለው። የመስኮቱ ክፈፍ፣ የግድግዳውን ጥግ የያዘው ጠፍጣፋ ብረት፣ የበሩ ማጠፊያ፣ ሁሉም በነዚህ ነው የታሰረው። ዝም ብለሽ ካሰርሻቸው አንዱ ወደ ቀኝ ያያል፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ተጋድሞ ይቀራል። የሰከረ ሰልፍ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ሁሉንም እያቆምኳቸው ነው፣ ስንጥቃቸው ከላይ ወደ ታች። እንዲህ ሲሆን ውሃ አይቋጥርም፣ አቧራም አይዝም። ደግሞ ያምራል፣ ለምን እዋሻለሁ።

ጎረቤታችን መካኒኩ በአጥሩ አንገቱን አስግጎ «ሰውዬ፣ ብሎን ነው የምታስረው ወይስ ወታደር የምታሠለጥነው?» ይለኛል። ይሳቅ። እሱ አማት የለውም።

በሠርጋችን ሰሞን ለእናትሽ የሠራሁላቸውን ቁምሳጥን ረስተሽዋል? በሩ ዘመም ሲል አይተው፣ ያን ሁሉ እንግዳ ሰብስበው «እንደ ሠሪው ጠማማ ነው» አሉ። ውሃ ልክ የሚለውን ስም ያወጡልኝም ያኔ ነው፣ ለሹፈት። ስሙ ተከትሎኝ ጋራዥ ድረስ ገባ። አንቺም ለፍቅር አደረግሽው እንጂ ከእሳቸው ነው የወሰድሽው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው፣ ዓይናቸው ከክር ይቀጥናል። አሁን እኔ ቤት ጎትቼ ግቢያቸው ላስገባ ነው። የሚሉት ነገር እንዲያጡ እፈልጋለሁ።

ፎቶ ልኬያለሁ። አሳዪያቸውና ያሉትን ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። በወሩ መጨረሻ እነሳለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ያንቺው


የካቲት 6

ውሃ ልኬ፣

እንደምን አለህ? ሬዲዮው ደህና ነው? እኔን ተክቶ እየበላ ከሆነ ሰላም በልልኝ።

ፎቶው ደርሷል። ምን አለች ላልከው፦ ተቀብላኝ ጭኗ ላይ አደረገችው፣ ብዙ ቆየች፣ ምንም አላለችም። ዝምታዋን ስድብ አድርገህ እንዳትወስደው። እኔ ግን በደንብ አይቼዋለሁ። አረንጓዴው ደስ ይላል። ብሎኖቹም ቆመዋል፣ አበጀህ። እንግዲህ የወሩ መጨረሻ መጥቶ ሄደ። ያ ያልከው እንቁላል እግር አውጥቶ፣ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ ተመልሷል።

እናቴ ያው እናቴ ናት። ትናንት ብርድ ልብሷ ጫፉ ተተርትሮ ጠቀምኩላት። ታውቃታለህ፣ ስፌት በዓይኗ አምና አታውቅም፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። መሐል ላይ ስትደርስ ቆም አለችና «እዚህ ጋ እንቅልፍ ወስዶሻል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ወስዶኝ ነበር።

ድስትም አሳርሬያለሁ። ምድጃው ፊት ቆሜ ነው የተኛሁት። ሽታውን እሷ ናት ከአልጋዋ ሆና የጮኸችልኝ። ጎረቤቷ «ላግዝሽ» ትለኛለች፣ እናቴ ግን «ልጄ እያለች?» ትላታለች። እኔም አፍሬ እሸኛታለሁ።

የጤናዋን ነገር ዘርዝረሽ ጻፊልኝ ብለህ በሹፌሩ ልከሃል። ዳሌዋ እየተሻለው ነው፣ ደግፌ አቆማታለሁ። ሌላው ሌላ ነው። ስትመጣ ታየዋለህ፣ አሁን አታስጨንቀኝ።

ቀን ቁረጥልኝ። ሐሙስ ብትለኝ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ እችለዋለሁ። «ሰሞኑን» ስትለኝ ነው የማልችለው።

ባለቤትህ


የካቲት 27

የኔ እመቤት፣

የይቅርታ ቃል አለቀብኝ፣ ካለሽ አበድሪኝ። በሹፌሩ በኩል ሐሙስ እመጣለሁ ብዬሽ ሐሙስ ቀረሁ። ምክንያቱን ስነግርሽ ደግሞ ታሾፊብኛለሽ፣ መካኒኩ ቀድሞሻል።

ረቡዕ ዝናብ ጣለ። በማግስቱ ገብቼ ፍራሹን ስዳስስ ርሷል። ጣሪያው አይደለም፣ መስኮቱ ነው። ለካ ብሎኖቹን ሳቆም፣ ጠብቀው ካበቁ በኋላ ስንጥቃቸው ዘንበል ያለውን ወደ ኋላ ትንሽ መለስ እያደረግኋቸው ኖሯል። ለዓይን ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ክፈፉን ግን አልያዙትም። ውሃው በዚያ ገባ። መካኒኩ መጥቶ በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸውና «አሳምረህ አላላኸው» አለኝ። ዕድሜ ልኬን ብሎን ያሰርኩ ሰው ይህን የጀማሪ ሥራ ሠራሁ።

ዘዴው ሌላ ነው። ብሎን ወደ ኋላ አይመለስም፣ ይቀየራል። እስከ መጨረሻው አጥብቀሽው ስንጥቁ ካልቆመ ነቅለሽ ሌላ ትሞክሪያለሽ፣ እሱም እምቢ ካለ ሌላ። ጠብቆ ሲያበቃ በራሱ ቀጥ ብሎ የሚገኘው እስኪመጣ ድረስ መፈለግ ነው። ከአሮጌ ዕቃ ሻጩ አንድ ጣሳ ሙሉ የነሐስ ብሎን አምጥቼ ስመርጥ እውላለሁ። ጊዜ ይበላል፣ ጣት ይልጣል፣ ግን ይጠብቃል።

መስኮቶቹን ጨርሻለሁ፣ አሁን ጠብ አይልም። ወደ ግድግዳው ጥግ ተሻግሬያለሁ። በግድግዳው ውሃ አይገባም፣ አውቃለሁ። ግን መስኮቱ እንዲህ አምሮ ግድግዳው ሲቀር ያስታውቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

«ሌላው ሌላ ነው» ማለትሽ ምንድን ነው? ልቤን ሰቅለሽ ተውሽው። እማማ ምን ሆነው ነው?

ያንቺው


መጋቢት 12

የጠየቅኸኝን አልመልስም። እኔ የጠየቅሁህን አንተ መቼ መለስክ? አልሸሹም ዞር አሉ።

መስኮቱ ውሃ ያስገባ ነበር፣ ገባኝ። ፍራሹ ርሶ ነበር፣ እሺ። ግድግዳውስ? «ውሃ አይገባም፣ አውቃለሁ» ብለህ በገዛ እጅህ ጽፈሃል። ደጋግሜ አነበብኩት። ወረቀቱ እስኪለሰልስ አነበብኩት።

ሐኪሙ እናቴን ሊያይ መጥቶ እኔን አየኝ። ግፊቴን ለካና «እናትሽ ይቆዩ። መጀመሪያ አንቺ ካልተኛሽ ሁለት በሽተኛ ሊሆን ነው» አለኝ። ሁለታችንንም የሚያስታምመው ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። መስመር ጠብቄ መጻፍ አቅቶኛል። ይህን ጽሑፍ ሳታየው አትቀርም።

ባለፈው ሰሞን ላነሳት ስል ክንዴ ከዳኝና ተያይዘን ወለሉ ላይ ዝርግፍ አልን። አልተጎዳችም፣ አትደንግጥ። እዚያው ተቀምጠን ሳቅን። ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ማቆም አቃተኝ። እሷ ፀጉሬን እየደባበሰች ቆይታ «ያ ውሃ ልክ መንገድ ጠፍቶት ነው?» አለች። ምን ልበላት? ብሎን እየመረጠ ነው ልበላት?

እውነቱን ንገረኝ። ፈርተሃል? መምጣቱን ካልወደድከው ንገረኝና አርፌ ልቀመጥ። መጠበቁ ራሱ ከሥራው ይልቅ አደከመኝ።

ባለቤትህ


መጋቢት 24

የኔ እመቤት፣

ያንን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ እንዴት ነሽ ማለት እንኳ አሳፈረኝ።

ፈርተሃል ወይ ላልሽው፣ አዎ። እናትሽን ነው የምፈራው። ሳቂ። የተጋጨ አውቶቡስ ሳቃና የኖርኩ ሰው እናትሽን ፈራሁ። በበሩ ገብተው፣ ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «እህ» ይላሉ። ሌላ አይናገሩም። ያቺን «እህ» ቁምሳጥኑ ጊዜ ሰምቻታለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ብዙ ነገር ጥሎ ያቺን አልጣላትም። አንቺን ሊያሳርፍሽ የሚመጣው ሰው የሚረባ መሆኑን በዓይናቸው እንዲያዩ ፈልጌ ነው እንጂ አንቺን ላቆይሽ ብዬ አይደለም። ጣቶቼን ብታይ ታምኚኝ ነበር።

አሁን ግን በእውነት አልቋል። ግድግዳው ዙሪያውን ቆሟል፣ አንድም ያዘመመ የለም። የቀረኝ የበሩ ጥግ ብቻ ነው።

አንድ ነገር አስቤያለሁ፣ እማማ ደስ እንዲላቸው። መጋረጃውን እሳቸው ይምረጡ። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ልኬያለሁ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው፣ አንዱ ቢጫ አበባ ያለበት። ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገሽ በብርሃን አሳዪያቸው፣ ቀለም በጨለማ ያታልላል። የመረጡትን ጻፊልኝና አሰፍቼ ወዲያው እነሳለሁ።

አንቺም ትንሽ ተኚ እንጂ።

ያንቺው


ሚያዝያ 3

«ትንሽ ተኚ እንጂ» አልከኝ። የት?

ጨርቆቹን ሰጠኋት። ተቀብላ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገቻቸው። «ይሄኛው ጥጥ ነው፣ ያኛው ቅይጥ። ጥጡ ይሁን» አለች። ቀለሙስ አልኳት። «ቀለሙን አንቺ ታዪልኛለሽ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናቴ አታይም። ይኸው ጻፍኩት። ከመስከረም ጀምሮ እየጨለመባት መጣ፣ እኔ እዚህ ከገባሁ ወዲህ ጨርሶ ጠፋ። ሐኪሙ አይመለስም ብሏል። አሁን መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ የምታውቀው ፀሐዩ ፊቷን ሲያሞቃት ነው። የወደቀችውም ለዚሁ ነው፣ ወለሉ አንሸራተታት ያልኩህ ውሸት ነው። ፎቶህን ያን ያህል ሰዓት ጭኗ ላይ ይዛው የቆየችው ገልብጣው ነው። አላቃናሁላትም፣ እንዳይገባት ብዬ።

ለምን ደበቅሽኝ ትላለህ። አስምላኛለች። «ያ ውሃ ልክ እንዳይሰማ። ይሰማና ያዝንልኛል። ከሚያዝንልኝ ቢፈራኝ ይሻለኛል» አለች። እኔም እሺ አልኩ። ዛሬ ነገ ይመጣል፣ መጥቶ ራሱ ያየዋል፣ ሦስታችንም እንገላገላለን ብዬ ነበር። ብሎን እንዲህ አድርጎ እንደሚያቆይህ ማን ያውቃል?

ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ፣ ኃጢአቱ ለሁለታችንም ይሁን። ለማታይ ሴት ነው ብሎን የምታቆመው፣ አንተ ሰውዬ! የማየው እኔ ነኝ። የማየውም መንገዱን ነው። ግቢው በር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር እየተነሳሁ አያለሁ። የወተት መኪና ነው፣ የውሃ መኪና ነው፣ የሌላ ሰው ባል ነው።

ከዚህ በኋላ አትጻፍልኝ። ወይ ና፣ ወይ አልመጣም በለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። አንተ ብሎን ጨመርክበት።


ሚያዝያ 7

እንዳልጽፍ ብለሻል፣ ይቺን ብቻ።

ደብዳቤሽ የበሩን ጥግ ሳስር ደረሰኝ። ቆሜ አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ የቀሩትን ብሎኖች እንደመጡ አሰርኳቸው። ጠብቀዋል፣ ወዴት እንደሚያዩ ግን አላየሁም። ሄጄ መካኒኩን ለመንኩት። ነገ ጎህ ሲቀድ እሱ እየጎተተን እንነሳለን።

ይህን ሹፌሩ ዛሬ ይዞት ይነሳል፣ ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል። እንደደረሰሽ ልብስሽን ሰብስቢ። ካራቫኗ ውስጥ አንቺ አትተኚም፣ እኔ ነኝ የምተኛው። አንቺ በመካኒኩ መኪና ወደ ቤታችን ትመለሻለሽ። እናትሽን ለእኔ ተይልኝ። ተራ የሚባል ነገር የለም፣ እስካሁን ያለው ሁሉ ያንቺ ተራ ነበር።

ቤታችን አልጋው ላይ የታጠበ አንሶላ አንጥፌያለሁ። ቁልፉ መካኒኩ ዘንድ ነው። መወርወሪያውን ዘይት ቀብቼዋለሁ፣ በሩ ከውስጥ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል።

ይቅርታ አልልሽም፣ በወረቀት ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ።

ያንቺው


ሚያዝያ 17

ውሃ ልኬ፣

ጻፍኩልህ። አትጻፍ ያልኩት እኔው፣ ቀድሜ የጻፍኩትም እኔው።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ወደቅሁ። ስነቃ ብርሃን ነበር፣ ጠዋት ይሁን ከሰዓት አላወቅኩም፣ ለማወቅም አልፈለግኩም። ውሃ ጠጥቼ ተመልሼ ተኛሁ። ደግሞ ሌላ ቀን ሰው መጥቶ አንኳኳ፣ ተኝቼ እየሰማሁት አልከፈትኩም። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ አፈርኩ። ሁለት እጄ ባዶ ሆኖ ምን እንደምይዝ ጠፋኝ።

ግቢው ውስጥ አንድ ቃል ሳንነጋገር ተላለፍን። አንተ ከካራቫኗ ሥር ድንጋይ ስታስደግፍ እኔ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ከስተሃል። ጣቶችህንም አይቻቸዋለሁ፣ አምኜሃለሁ። እሷን ስሜ ልሰናበት ስል «ሂጂ፣ ሂጂ» ብላ እጄን ገፋችው። ተናዳ ይሆን? ከዚያ ጀምሮ ይህን ነው የማብሰለስለው።

መታጠቡንስ እንዴት አደረጋችሁት? መድኃኒቷን ትተፋለች፣ ቆመህ ጠብቃት። ከሁሉም ደግሞ ማወቅህን ነገርካት? መሐላ ማፍረሴን ሰምታለች? እስክትነግረኝ ድረስ እንቅልፌ ሙሉ አይደለም። መቼ ልመለስ?

ባለቤትህ


ሚያዝያ 28

የኔ እመቤት፣

እንደምን ሰነበትሽ? በሩን ያልከፈትሽለት ሰው መካኒኩ ነው፣ ዳቦ ይዞልሽ መጥቶ ነበር። «ሞታ ነው?» ብሎ ደወለልኝ፣ «ተኝታ ነው» አልኩት።

መታጠቡን ጎረቤታችሁ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ትረዳቸዋለች። «ልጄ እያለች?» እንዳይሉ ልጃቸው የለችም፣ «አማችዎ ይጠብዎት?» ስላቸው ደግሞ ራሳቸው ናቸው ጎረቤቷን የጠሯት። መድኃኒቱን ይተፋሉ፣ እኔም ቆሜ እጠብቃለሁ። ከእኔ ጋር ሲተፉ ይበልጥ ደስ ይላቸዋል መሰለኝ። እኔ የምተኛው ያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፣ ካራቫኗ ውስጥ ብሆን ሲጠሩኝ ይሄ ጆሮዬ አይሰማም። አንድ ሌሊት ተኝቼበት ወገቤ ተቆርጦ ሲነጋ ብቻ ነው ደብዳቤዎችሽ በደንብ የገቡኝ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። የመጣሁ ዕለት አልነገርኳቸውም። በራፉ ላይ ተደግፈው ቆመው «ቀለሟ ያምራል» አሉኝ። ፊታቸው ግን ወደ ውሃው በርሜል ነበር። «አዎ እማማ፣ ያምራል» አልኩ። ምን ልበል? እሳቸው የሚያዩ መሰሉ፣ እኔ ያላወቅሁ መሰልኩ፣ እንዲህ ተከባብረን ሰነበትን። ጨው ከፊታቸው ሳስጠጋ ሆን ብዬ ሳህን አስነካዋለሁ፣ እንዲሰሙት።

ትናንት ከሰዓት ግን «እስቲ ያቺን ቤትህን አስገባኝ» አሉ። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የኔን ክንድ ይዘው ካራቫኗ ጋ ደረስን። በበሩ ይገባሉ ስል ክንዴን ለቀቁና የውጪውን ግድግዳ ያዙ። አውራ ጣታቸው ብረቱን አገኘ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ብሎን። በጥፍራቸው ስንጥቁን ከላይ ወደ ታች ወረዱበት። ወደሚቀጥለው ሄዱ። ወረዱበት። እንዲህ እያሉ፣ እያረፉ፣ ቤቷን ዙሪያዋን ዞሯት። መስኮቶቹ ጋ ሲደርሱ ክፈፉን ገፋ ገፋ አድርገው መጥበቁንም ሞከሩት። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እከተላለሁ፣ እንደ ተፈታኝ ተማሪ። መጨረሻ ላይ ቆም ብለው «እህ» አሉ።

ያቺው «እህ» ናት። ግን የዚያን ዕለቷ አይደለችም። ለብዙ ዓመት በከንቱ ነው የፈራኋት።

ከዚያ በሩ ጥግ ደረሱ። ጥፍራቸው ቆመ። መለስ ብለው ደግመው ዳሰሱ። «እነዚህስ?» አሉ። «አንዱ ተጋድሟል፣ አንዱ ዞሯል። አራቱም ጠማማ ናቸው!» ደስ እንዳላቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል።

«እነሱን ሳስር ነው የልጅዎ ደብዳቤ የደረሰኝ። ትቼ መጣሁ» አልኳቸው። «ነገ አስተካክላቸዋለሁ።»

«ምን ብላ ጻፈችልህ?»

«ደከመኝ ብላ።»

«ዓይኔንስ?»

መዋሸት አልሆነልኝም። «ነግራኛለች» አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። እግራቸው ደክሞ ስለነበር የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ፣ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ደግ አደረገች» አሉ። «እኔ ነኝ ያስማልኳት። ለኩራቴ ብዬ ልጄን አደከምኳት። ስትሄድም ‹ሂጂ፣ ሂጂ› ያልኳት፣ ትንሽ ብትቆይ ይዤ ስለማስቀራት ነው። ይህን ጻፍላት።» ይኸው ጽፌልሻለሁ።

ካቻቢቴዬን ከኪሴ ሳወጣ ሰሙት። እንዴት እንደሰሙት አልገባኝም። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ብሎኖቹን በመዳፋቸው ሸፈኗቸው።

«ስማኝ፣ አንተ ውሃ ልክ» አሉኝ። «እነዚያ ቀጥ ያሉት ልጄን አግዳሚ ላይ አስተኝተዋታል። ያስነሷት እነዚህ ናቸው። ንካቸውና እንተያያለን!» ካሉ በኋላ «እንተያያለን» ማለታቸው ራሳቸውን አሳቃቸው፣ እኔም ሳቅኩ፣ ዓይኔ ግን ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። አላዩኝም። ወይም ያዩኝ መሰለኝ፣ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

ስለዚህ አልነካኋቸውም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እኔ ልብስ ሳሰጣ ብቻቸውን በከዘራቸው እየዳሰሱ መጡ። ግድግዳውን በጣታቸው ተከትለው፣ ቀጥ ያሉትን እያለፉ እያለፉ፣ ጠማሞቹ ጋ ሲደርሱ «በሩ ይሄ ነው» ብለው ገቡ። ገብተውም በሩን በላዬ ዘጉት። እስካሁን ተኝተዋል።

መቼ ልመለስ ብለሻል። እኔ ቀን ልቆርጥልሽ አልችልም፣ በቀን ቆረጣ ስሜ ጠፍቷል። ሹፌሩ ሊወስድሽ ቢመጣም ስሚኝና ገና ነው በይው። እዚህ ሁለታችንም ደህና ነን። አንቺ ራስሽ ተነሳሁ እስክትዪ ማንም አይቀሰቅስሽ፣ በሩን ዝጊና ተኚ።

ያንቺው ውሃ ልክ